ለመንገድ የሚበቃ ናይትሮጅን

የምሠራበት ጎሚስታ ቤት ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ወደ አዳማ የሚወርደው ሁሉ ንፋስ ሊያስለካ የሚቆምበት።

አንድ ጠዋት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ሰውዬ መጡ። ቤተሰባቸውን ጭነው ወደ አዋሽ ሊወርዱ ነው። የኋላ ቀኙን ለካሁት፤ 21። በሩ ላይ የተለጠፈው 36 ይላል። ቱቦውን ስስብ ዘለው ወረዱ።

«ቆይ! ናይትሮጅን ነው፣ እንዳትቀላቅልብኝ!»

የቫልቮቹ ቆብ አረንጓዴ ነው። የት እንደተሞላ ገባኝ። የዚያን ቤት ዋጋ ሁሉም ያወራል፤ የናይትሮጅን ማሽኑን አየሁ የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ቫልቩ ላይ ምራቅ ቀባሁ። አረፋ ሠራ።

«ናይትሮጅንዎ በዚህ በኩል እየወጣ ነው» አልኳቸው።

«ናይትሮጅን አይወጣም ብለውኛል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ ይላሉ ጓደኞቼ። እኔ ግን አስረዳሁ። ይሄ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ኦክስጅኑ 21 ቢሆን ነው። ንጹሑ ናይትሮጅን ደረቅ ስለሆነ እርጥበት አያስገባም፣ ትንሽም ቀስ ብሎ ይቀንሳል። ለአውሮፕላን የግድ ነው፤ ሲያርፍ ፍሬኑ ጎማውን ያግለዋል፣ ኦክስጅን ካለበት እሳት ሊነሳ ይችላል። ለእርስዎ መኪና ግን አደጋው መቀላቀሉ አይደለም። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በጭነትና በፍጥነት ሲተጣጠፍ ይግላል፤ አዋሽ ደግሞ ቆላ ነው። ይፈነዳብዎታል።

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ጎሚስታ ነህ ኬሚስት?»

አለቃዬ የአይሱዙ ጎማ እየፈታ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ናይትሮጅን አላችሁ?» አሉት።

«78 በመቶው አለን።»

«መቶ በመቶው የለም?»

«እሱ ለአውሮፕላን ነው ጌታዬ።»

ትንሽ አሰቡ። «እሺ፣ ለመንገድ ይበቃኛል» አሉ።

አለቃዬ የቫልቩን ውስጥ ቀየረ። እኔ አራቱንም ሞላሁ፣ ቅድም አትንካኝ በተባልኩበት በዚያው ቱቦ። ሲከፍሉ ለአለቃዬ ጉርሻ ጨመሩለት። ለእኔ ደግሞ ምክር። «ከሱ ተማር፣ ሥራውን ያውቃል።»

ደግነቱ ጎማው ልክ ሆኖ ነው የሄዱት። ይሄን አልክድም። ግን 78ቷን ከማን እንደሰማት አለቃዬ ትንፍሽ አላለም። ማታ እንዲያውም «ደንበኛ ሲጠይቅህ መልስለት እንጂ አታስተምረው» ብሎ መከረኝ። ኬሚስቱ የሚለው ስም እንደሆነ እኔው ላይ ቀረ።

በቀደም ለሌላ ደንበኛ ሲያወራ ሰማሁት። አሁን «78 በመቶ፣ ደረቅ» ሆኗል። ደረቅ! የኮምፕሬሰሩን ውሃ መቼ እንዳፈሰስነው እንኳን እሱ፣ እኔም አላስታውስም።