የድርጭትና የጅግራ እንቁላል በአንድ ማሽን

አዲስ አበባ ዳር በሚገኝ አነስተኛ የአእዋፍ እርባታ ሠራተኞቹ የድርጭት እንቁላል ማስፈልፈል በደንብ ለምደው ነበር። አንድ ዙር ያስገባሉ፣ በ17ኛው ወይም በ18ኛው ቀን ጫጩት ያወጣሉ፣ ማሽኑን አጥበው ቀጣዩን ይሞላሉ። በአንዱ ዙር ማሽኑ ላይ ቦታ ተረፈ። ከሌላ አርቢ የተገዛ 60 የጅግራ እንቁላል መጥቶ ከድርጭቱ ጎን በአንድ ቀን ተደረደረ። (የጅግራ እንቁላል ሲባል እቤት ከሚረቡት የተገኘ ማለት ነው፤ ከዱር ጎጆ መልቀም ሌላ ጉዳይ ነው፣ መደረግም የለበትም።) ማራገቢያ ባለው ማሽን ሁለቱም 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚስማማቸው ማንም አልሠጋም።

ሙቀቱ ይስማማል፤ ቀኑ ግን አይስማማም። የጅግራ እንቁላል ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋል። የሁለቱም እንቁላል ሊፈለፈል ሦስት ቀን ሲቀረው ማገላበጡ ይቆማል፤ እስከዚያ ከ45 እስከ 55 በመቶ የነበረው እርጥበትም ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ጫጩቱ መውጫውን የሚያመቻችበት ጊዜ ነው፤ አየሩ ከደረቀ ቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ላባው ላይ ይጣበቅበታል። በ15ኛው ቀን ለድርጭቱ ሲባል ማገላበጫው ጠፋ፣ የውኃ መያዣዎቹም ሁሉ ተሞሉ። ጅግራው ግን ገና መንገዱን አልጨረሰም፤ መገላበጥም ውኃውን ቀስ በቀስ ማጣትም ይቀረው ነበር።

ሠራተኛው ይህ ገብቶት መላ ፈለገ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ክዳኑን እየከፈተ የጅግራውን እንቁላል በእጁ ማገላበጥ ጀመረ። አሳቢነት ነበር፤ ድርጭቱን የጎዳው ግን ይኸው ነው። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር እርጥቡ አየር በአንዴ ይወጣል፤ የክፍሉ ደረቅ አየር ይገባል። ማሽኑ ሙቀቱን ቶሎ ይመልሳል፣ እርጥበቱን ግን ለመመለስ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ መካከል ቅርፊታቸውን የነቆሩት ጫጩቶች ባሉበት ደረቁ። ድርጭቶቹ ከወጡ በኋላ ደግሞ ውኃውን የቀነሰ አልነበረም፤ ለጅግራውም አስር ቀን ያህል ብቻ ስለቀረው እንዳለ ይቆይ ተባለ። በ28ኛው ቀን ከ60ው የወጡት 11 ነበሩ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ሳይበላሽ አይቀርም» አለ ሠራተኛው፣ የእርባታው አንጋፋ ባለሙያ ሲመጡ።

«ማሽኑን ለጊዜው ተወው፤ ያልተፈለፈሉትን አንድ በአንድ እንክፈታቸው» አሉት።

ጀማሪ የሚዘልለው ሥራ ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረውም ይኸው ነው። ሽታው ስለሚከብድ በጓንት፣ ከደጅ፣ ከሰፊው ጫፍ በኩል ይከፈታል። አስቀድሞ የአየር ከረጢቱ (በሰፊው ጫፍ ያለው ባዶ ቦታ) መጠን ይታያል፤ ከዚያ ጫጩቱ የት እንደደረሰ፣ አስኳሉ ወደ ሆዱ መግባት አለመግባቱ ይመረመራል። ምንም ደም ሥር የሌለው እንቁላል ያልተዳቀለ ወይም ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሞተ ነው፤ ጥፋቱ ከወላጆቹ ወይም ከአቀማመጡ እንጂ ከማሽኑ ላይሆን ይችላል። የቀይ ደም ቀለበት የሚታይበት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞተ ነው።

በእርባታው ድርጭቶች ላይ የተገኘው ሌላ ነበር፦ ጫጩቱ ሙሉ ነው፣ ቅርፊቱን ነቁሯል፣ ሽፋኑ ግን እንደ ወረቀት ደርቆ ይዞታል። ጅግራዎቹ የተገላቢጦሽ ነበሩ። የአየር ከረጢታቸው ትንሽ ነው፣ ጫጩቱ አብጧል፣ ምንቃሩ አየር ሳያገኝ ፈሳሽ ውስጥ ቀርቷል። በአንድ ማሽን ግማሹ ከድርቀት፣ ግማሹ ከእርጥበት ብዛት ሞተ። የእርጥበት መለኪያው፣ ሃይግሮሜትሩ፣ በሁለቱም ጊዜ ትክክለኛውን ቁጥር ያሳይ ነበር።

ስለዚህ በቀጣዩ ዙር ሚዛን ተገዛ፤ እስከ 0.1 ግራም የሚለካ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን። አስር እንቁላል በእርሳስ ተቆጥረው በገቡበት ቀን ይመዘናሉ፣ ከዚያም በየአምስት ቀኑ። ማገላበጡ እስከሚቆምበት ቀን ድረስ እንቁላሉ ውኃ በማጣት ከመጀመሪያው ክብደት ከ11 እስከ 14 በመቶ መቀነስ አለበት። 40 ግራም የነበረ የጅግራ እንቁላል በ25ኛው ቀን ወደ 35 ግራም ሲወርድ ጥሩ ነው። 37 ላይ ከቆመ እርጥበቱ በዝቷል፤ ውኃው ይቀነስ። ከ34 በታች ከወረደ ይጨመር።

ሚዛኑ ለደጋ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ውኃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በፍጥነት ያመልጣል። ቆላ የተጣለ እንቁላል ደጋ ወጥቶ ሲገባ በተመሳሳይ የእርጥበት ቁጥር ይበልጥ ይደርቃል። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ይህን አያውቅም።

ሁለተኛው ለውጥ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት የሚሆን ማስፈልፈያ ለብቻው መለየት ነበር። በፎም ሳጥን ውስጥ 40 ዋት አምፖል፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት፣ የአሮጌ ኮምፒዩተር ማራገቢያና ውኃ የጠጣ ስፖንጅ ያለበት ሳህን ተገጠመ፤ ጫጩት አምፖሉንና ውኃውን እንዳይነካ በወንፊት ሽቦ ተከለለ። ወለሉ ላይ ሻካራ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ለስላሳ ወለል እግራቸውን ያንሸራትተውና ግራና ቀኝ ይከፍተዋል። እንቁላል ከመግባቱ በፊት ሳጥኑ ባዶውን አንድ ቀን ሙሉ ሠርቶ ሙቀቱ እንደማይዋዥቅ በሁለት ቴርሞሜትር ይረጋገጣል። የአየር ቀዳዳዎቹ በመጨረሻው ቀን ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ፤ ሊወጣ የደረሰ ጫጩት ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ የራሱንም ሙቀት ያመነጫል። ጀማሪዎች ቅዝቃዜን ይፈራሉ፤ በዚህ ደረጃ ቶሎ የሚገድለው ግን ከ39.5 ዲግሪ በላይ መውጣቱ ነው።

ሁለተኛ ሳጥን ማዘጋጀት ላልቻለ፣ በማሽኑ ውስጥ ሁለቱን ማሰባሰብ የሚቻለው ከመውጫው ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ብቻ ነው። ጅግራው ሰኞ ከገባ፣ ድርጭቱ ከአስር ቀን በኋላ፣ በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ይግባ። የድርጭቱ 17ኛ ቀን የጅግራው 27ኛ ቀን ይሆናል፤ ማገላበጡም በአንድ ቀን ይቆማል። ተራውን የሚጠብቀው የድርጭት እንቁላል ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ውስጥ ይቆይ፤ ከሰባት ቀን ያለፈውን መተው ይሻላል። ከሩቅ የመጣ ከሆነ አንድ ቀን ሳይነካ ይረፍ። አይታጠብ።

ሲፈለፈሉ ክዳኑ አይከፈት። ቅርፊት ከተነቆረ በኋላ ጫጩቱ ሳይወጣ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ የወጡትም ሆዳቸው በገባው አስኳል ቢያንስ አንድ ቀን ያለ ምግብ ይቆያሉ። ደርቀው ላባቸው ሲበተን ወደ 35 ዲግሪ ማሞቂያ ይዛወሩ፣ ሙቀቱም በየሳምንቱ ወደ ሦስት ዲግሪ ይቀነስ። የድርጭት ጫጩት ከአውራ ጣት ብዙም ስለማይበልጥ ጥልቀት ባለው መጠጫ ይሰምጣል፤ ሳህኑ በታጠቡ ጠጠሮች ይሞላና በመካከላቸው ያለውን ውኃ ይጠጣ። የጅግራው ጫጩት ትልቅ ስለሆነ ድርጭቱን ይረግጠዋል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሞቂያቸው ይለያይ።