የሻርሎት ኖርዝን የላክሮስ ክብረ ወሰኖች በአማርኛ ያጠናቀርኩበት መንገድ

ሻርሎት ኖርዝ በአሜሪካ የሴቶች የኮሌጅ ላክሮስ አጥቂ ነበረች፤ ላክሮስ ጫፉ መረብ ባለው ዱላ ኳስ ይዘው ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። ከጎሎቹ በፊት ሰንጠረዡን አዘጋጀሁ፤ ዓመት፣ ቡድን፣ የጨዋታ ብዛት፣ ጎል፣ ለጎል ያቀበለችው ኳስ። 2018 እና 2019 ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ2020 እስከ 2022 ቦስተን ኮሌጅ።

መጀመሪያ የሚያሳስተው ዓመቱ ነው። የኮሌጅ ላክሮስ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ስለሚካሄድ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቃል። መዝገቦች ግን አንዳንዴ በትምህርት ዘመን «2020–21» ይሉታል፤ ያ የ2021 ውድድር ነው። ሁሉንም እ.ኤ.አ. አድርጌ ተገላገልኩ።

ከዚያ 358 ጎል፣ በጊዜው የኮሌጅ ክብረ ወሰን። ይህ የኖርዝ የአምስት የውድድር ዘመን ድምር ነው፤ የ2020ው በኮቪድ ምክንያት ማርች ላይ ተቋርጦ ለተጫዋቾቹ ተጨማሪ ዓመት ተፈቀደ። ስለዚህ በአራት ዓመት ከጨረሰች ተጫዋች ጋር ድምር ከድምር ማወዳደር ለማንም አይበጅም፤ ጎሉን በጨዋታ ብዛት አካፍሎ አማካዩን ማየት ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ቃላቱ ናቸው። «ነጥብ» በላክሮስ የጎልና ያቀበሉት ኳስ ድምር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሊግ ነጥብ ይመስላል፣ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ጻፍኩ። «መታች» የሚለውም አይሆንም። ሩር የሚለጋበት የገና ጨዋታ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ እዚህ ኳሷ በዱላው ጫፍ ባለ መረብ ተይዛ ነው የምትወጣው። «አስወነጨፈች» ልክ ገባልኝ። በ8 ሜትሩ ቅስት ውስጥ ተከላካይ ስታጠፋ የሚሰጠውን ዕድል ደግሞ በመጀመሪያው ረቂቅ «ፍጹም ቅጣት ምት» ብዬው ነበር። አይደለም። ተከላካይዋ 4 ሜትር ርቃ ትቆማለች፤ ፊሽካው ሲነፋ ግን እሷም ሌሎቹም ይሮጡባታል፣ አጥቂዋ ወይ ሰብራ ትገባለች ወይ ካለችበት ታስወነጭፋለች። «የ8 ሜትር ነጻ ዕድል» አልኩት፤ ውብ ባይሆንም አያሳስትም።

ቁጥር ብቻውን ደረቅ ስለሆነ አንድ ጨዋታ አቅርቤ አሳየሁ። ሜይ 30 ቀን 2021፣ ታውሰን፣ ሜሪላንድ፣ የኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ። ቦስተን ኮሌጅ ከ2017 እስከ 2019 ሦስት ተከታታይ ፍጻሜ ተሸንፏል። ሲራክዩዝን 16 ለ 10 ረትቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ ኖርዝ 6 አገባች፤ የዓመቱ ጎሏም 102 ደረሰ። በ2016 የተመዘገበው የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን፣ 100 ጎል፣ በዚያው ተሰበረ። የ2022ቱን ፍጻሜ በኖርዝ ካሮላይና 12 ለ 11 መሸነፋቸውንም አልዘለልኩም፤ ሽንፈት የሌለበት የስፖርት ታሪክ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።

መጨረሻ ላይ ግሦቹን አረምኩ። የ358ቱን ክብረ ወሰን ኢዚ ስኬን በ2024 አልፋዋለች፤ የ102ቱን ማዲሰን ቴይለር በ2025። «ክብረ ወሰኑን ይዛለች» የሚለው ሁሉ «በጊዜው አዲስ ነበር» ሆነ። ሳይነካ የቀረው የ2021 እና የ2022 ቴዋራተን፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት፣ የተጻፈበት መስመር ብቻ ነው።