ያ የወደድኩት ቢጫ መስመር

ካናን በስሙ ባታውቁት እንኳ በዓይን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ በየግቢው አጥር ሥር የሚተከለው፣ ቅጠሉ የኮባ ታናሽ የሚመስለው፣ አበባው ቀይ ወይም ቢጫ የሆነው ተክል ነው። ዝምድናውም እውነት ነው። ከእንሰት፣ ከሙዝ፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር አንድ ወገን ውስጥ ይመደባል። የትውልድ አገሩ ግን ሞቃታማው አሜሪካ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። ያወቅኩት እዚህ ሜሪላንድ፣ አንድ ችግኝ ጣቢያ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው።

የማረከኝ ቅጠሉ ነው። ዝርያዎቹን ለይቶ ለማወቅ አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶብኛል። ከሁሉም የምወደው ፕሪቶሪያን ነው። አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ ከመሃል አጥንቱ ተነስተው እስከ ጠርዝ የሚሄዱ ቢጫ መስመሮች አሉት። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ስትወጣ ውስጡ መብራት የበራ ይመስላል። አበባው ብርቱካናማ ነው፤ ግን ባያብብም ቅር አይለኝም። አውስትራሊያ የሚባለው ደግሞ ከወይን ጠጅ የጠቆረ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል አለው። ስቱትጋርት ነጭና አረንጓዴ ነው። ነጩ የቀትር ፀሐይ ስለማይችል ጥላ ካላገኘ ይቃጠላል። ክሊዮፓትራን ደግሞ ማንም አይቶ አይጠግበውም። አንዱ ተክል ቢጫም ቀይም ያብባል፤ አንዳንዱ አበባ እኩል ለሁለት የተከፈለ ነው። አረንጓዴው ቅጠል ላይ ድንገት ሐምራዊ ጭረት ይወጣበታል። ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ሆኖ አያድርም።

አበባውን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እኛ የአበባው ቅጠል የምንላቸው ሰፋፊዎቹ ባለ ቀለም ክፍሎች በእርግጥ መልካቸውን የቀየሩ የወንዴ ዘር አካላት ናቸው። እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች ከሥር ያሉት ጠባቦቹና ደብዘዝ ያሉት ናቸው። ይህን ባወቅኩ ቀን እየዞርኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ሳሳይ ነበር የዋልኩት።

ማታ ማታ ደግሞ ስለ አዳቃዮቹ አነብ ነበር። ቴዎዶር አኔ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ካናን ማዳቀል ጀመረ። ከእሱ በኋላ ክሮዚ ሊዮን ላይ፣ ሽፕሬንገር ኔፕልስ ላይ ሠርተዋል። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ ማንም ሳያዳቅለው፣ አንድ ቡቃያ በራሱ መልኩን ለውጦ የተገኘ ነው። ይቺን ካነበብኩ በኋላ በየመደቡ ሳልፍ ዓይኔ የተለየ ቅጠል መፈለግ ጀመረ።

አገኘሁም።

ሴፕቴምበር ላይ ነበር። ዘ ፕሬዚደንት የሚባለውን ዝርያ የተከልንበት መደብ አለ። ቅጠሉ ጥርት ያለ አረንጓዴ፣ አበባው ደማቅ ቀይ ነው። ከመሃሉ አንዱ ተክል ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር አወጣ። በደስታ ልቤ መታ። ቀይ ሪባን አሰርኩበትና ለአለቃችን አሳየኋት። ቸኩላ ስለነበር ቀረብ ብላ አላየችውም። «አንቺ አሳድጊው፣ የሚሆነውን እናያለን» አለችኝ።

እዚህ የመጀመሪያው ውርጭ ኦክቶበር አካባቢ ይመጣል። የካናን ቅጠል በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ያኔ ግንዱን ቆርጠን ሥሩን እናወጣለን፤ ብርድ የማይደርስበት ቤት ውስጥም ይከርማል። ሥሩ እንደ ዝንጅብል የተቆላለፈ ነው። ማርች ላይ በየቁራጩ ሁለት ሦስት ዐይን እየተውን በቢላ እንከፋፍለዋለን። ከአንድ እናት አሥርም አሥራ አምስትም ልጅ ይወጣል። ልጆቹ ሁሉ ቁርጥ እናታቸው ናቸው። በዘር የተዘራ የተዳቀለ ካና እናቱን አይመስልም፤ ከሥር የተቆረጠው ግን አይለወጥም። ይህን እንደ በረከት ብቻ ነበር የማየው።

በዚያ ማርች መጀመሪያ ያነሳሁት ሪባን የታሰረበትን ሥር ነው። 14 ቦታ ከፈልኩት። ከዚያ በዚያው ቢላ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የቀረውን ዘ ፕሬዚደንት በሙሉ ቆራረጥኩ። ቢላውን በሱሪዬ ጠረግ ከማድረግ በቀር ምንም አላደረግኩም። ሁሉንም ጎን ለጎን አንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ደረደርኳቸው። ኤፕሪል ላይ ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ገባባቸው፤ ሳሙና ረጨሁና ረሳሁት።

ጋሼ የምንላቸው ሰው ከእኔ ጋር ይሠራሉ። ጉራጌ አገር ተወልደው እንሰት መሃል ያደጉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሜይ ላይ አንድ ጠዋት ከ14ቱ የአንዱን ቅጠል ይዘው ወደ ብርሃን አነሱት። ብዙ ቆዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ተክል ደህና አልመሰለኝም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መልኩ ነው። ፕሪቶሪያም እንደዚህ አይደል?»

«እሺ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ቅጠሉን ለቀቁት።

ሰኔ ሳይገባ 14ቱም ተሸጡ። ስድስቱን የወሰዱት አንዲት ሐበሻ እናት ናቸው። ካና ለእኛ ሰው እዚህ ልዩ ነገር ነው። ኮባን ስለሚያስታውስ ያዩት ሁሉ ፊታቸው ይበራል። «ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። ኢኳዶር ውስጥ ሊጥ በካና ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስላሉ። ችግኝ ጣቢያ ያደገው ግን መድኃኒት የተረጨበት ስለሆነ አይሆንም እላቸዋለሁ። እኚህ እናት በረንዳቸው ፊት ሊተክሉት ነበር። «እንግዳ ሲመጣ ገና ከመኪና ሲወርድ አገሩ የገባ እንዲመስለው» አሉኝ። የወሰዱትን ሁሉ በእጄ መርጬ ነው የሰጠኋቸው።

ጁላይ ላይ አንዱን ቆፍረው በፌስታል ይዘውት መጡ። ቢጫው መስመር ቡናማ ሆኗል። ቅጠሉ በመስመሩ ላይ እየተቀደደ ነው። ቁመቱ ከጉልበቴ አላለፈም። አንዲት አበባ ነበረችው፤ ቀዩ ላይ ነጠብጣብ ረጭተውበት የሸሹ ይመስላል። «የኔ ልጅ፣ በየቀኑ አጠጣሁት። ምን አጥፍቼ ይሆን?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ይህ ነው። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ራሳቸውን ነበር የሚወቅሱት።

ወደ ግሪንሃውሱ ሮጥኩ። ያልተሸጡት ዘ ፕሬዚደንቶች ላይ ተመሳሳዩ ጭረት ጀምሯል። አለቃችን ናሙና ወደ ዕፅዋት ምርመራ ላከች። መልሱ ቫይረስ ነበር።

ካናን የሚያጠቁ ቫይረሶች ከአንድ በላይ ናቸው። አንዱ እንዲያውም ባቄላን የሚያጠቃው ቢጫ ሞዛይክ ነው። ለአንዳቸውም መድኃኒት የለም። ዋናው መተላለፊያቸው ሥሩ ራሱ ነው። የታመመች እናት 14 ቦታ ስትከፈል 14 በሽተኛ ትወልዳለች። የአንዳንዶቹን ክሽክሽ ያዛምታል። ቢላ ላይ የቀረ ጭማቂም ሊያስተላልፍ ይችላል። እኔ ሦስቱንም በር ከፍቼ ነው የጠበቅኩት።

ልዩነቱ ዓይን ላለው ግልጽ ነበር። የፕሪቶሪያ መስመር ከመጀመሪያው ተጠቅልሎ ከሚወጣው ቅጠል ጀምሮ አለ፤ ሁሉም ቅጠል ላይ ነው፤ ውርጭ እስኪመታው ቢጫ እንደሆነ ይቆያል። የቫይረሱ ጭረት የተቆራረጠ ነው። አንዱ ቅጠል ላይ ይበረታል፣ ሌላው ላይ ይደበዝዛል። ቀን በጨመረ ቁጥርም ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ብታነሱት ጭረቱ ያለበት ቦታ ስስ ነው። ጋሼ ያን ጠዋት ያዩት ይህን ነበር።

212 ማሰሮ ካና አስወገድን። ወደ ኮምፖስት አይጣልም፤ በጥቁር ከረጢት ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ነው የሚሄደው። ሁለት ቀን ሙሉ ጋሼ አጠገቤ ሆነው ከረጢት ያዙልኝ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ጠንከር ብለው ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ነገርኩሽ እኮ። ወደሽው ስለነበር አልሰማሽኝም።» ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ። «እኛ አገር እንሰት ውስጥ አጠውልግ ሲገባ፣ ቢላውን እሳት ሳያስነኩ ወደ ሌላው እንሰት መሄድ የለም። የጎረቤትን ቢላም ተውሰሽ አትጠቀሚም። ቤተሰብ የሚያኖር ነገር ነዋ።»

አጠውልግ ቫይረስ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ስለ በሽታው ጽፈዋል። በቢላ መዛመቱን ግን ጋሼ በልጅነታቸው ከእናታቸው እጅ ነው የተማሩት። እኔ ስለ ሊዮንና ስለ ኔፕልስ ሳነብ፣ ይህ ሁሉ እውቀት ጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ማሰሮ ይሞላ ነበር።

ለእናትየዋ ስልክ ደወልኩና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ስድስቱንም ራሴ ሄጄ ነቀልኩ። ለሚቀጥለው በጋ ጤነኛ ፕሪቶሪያ ይዤላቸው እንደምመጣ ቃል ገባሁ።

በተከታዩ ማርች አዲስ ሥር ገዛን። ቅጠሉ ወጥቶ እስኪታይ ድረስ ከነባሮቹ ለይተን አቆየነው። ጠረጴዛው ላይ በውኃ የቀጠነ በረኪና በሳፋ አለ። አራት ቢላ ይነከርበታል። አንድ ሥር በቆረጥን ቁጥር ቢላ እንቀይራለን። ሥራው ይዘገያል፤ አለቃችንም ስለ መዘግየቱ ተናግራን አታውቅም።

ለእናትየዋ የሚሆነውን ግን ለመቁረጥ አልቸኮልኩም። አንዱን ሙሉ ሥር በትልቅ ማሰሮ ተክዬ ጠበቅኩ። ሜይ ላይ ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ጋሼን ጠራኋቸው። የመጀመሪያውን ወደ ፀሐይ አነሱት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ገለበጡና ጀርባውን አዩት።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

ከሳፋው አንድ ቢላ አወጡና አራግፈው ሰጡኝ።

«ይሄኛው መልኩ ነው» አሉ።