የስክሪን ትወና አሰልጣኝ ስመርጥ ያየኋቸው ነገሮች

ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን ጊዜዬን የወሰደው አሰልጣኝ ፍለጋ ነው። እናንተም ፍለጋ ላይ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትወና የሚያስተምሩ ብዙዎቹ ከመድረክ የመጡ ናቸው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በሀገር ፍቅር ወይም በብሔራዊ ቴአትር የሠራ ሰው የድምፅና የትንፋሽ አያያዝ ያስተምራችኋል፤ ቃለ ተውኔትን ማክበርም ያስለምዳችኋል። ካሜራ ግን ሌላም ነገር ይጠይቃል። የኋላ ወንበር ላይ ላለ ተመልካች እንዲደርስ የተለመደ የፊት እንቅስቃሴ በክሎዝ አፕ (ፊትን ብቻ በቅርብ በሚያሳይ ቀረጻ) ሲታይ ይበዛል። የፊልም ትዕይንት ብዙ ጊዜ በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ ጥንዶቹ ሳይተዋወቁ መለያየታቸው ሊቀረጽ ይችላል። ትዕይንቱ ከሌላ ማዕዘን ሲደገም ደግሞ ስኒውን ያነሳችሁት በየትኛው ቃል ላይ እንደነበር አስታውሳችሁ እዚያው ቃል ላይ ማንሳት አለባችሁ፤ አለዚያ ኤዲተሩ ሾቶቹን ለማገናኘት ይቸገራል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ክፍሉ ውስጥ እየተቀረጸ መሠራቱን ነው።

አንዲት አሰልጣኝ ሳልመዘገብ ቁጭ ብዬ እንድከታተል ፈቀደችልኝ። ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ቤት የሚጨቃጨቁበትን ትዕይንት በስልክ ቀረጸችና ድምፁን አጥፍታ አሳየቻቸው። አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። «እዚህ ጋ እይ፤ ወንድምህ ተናግሮ ሳይጨርስ ቅንድብህ ተነሳ። ቤቱ መሸጡን አንተ ስክሪፕቱ ላይ አንብበሃል፤ ገጸ ባሕርይው ግን ገና አልሰማም።» ከዚያ «መልስህን ተወውና እሱን ስማው» አለችው። በሁለተኛው ቀረጻ የልጁ ፊት ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑ ብቻ ከወንድሙ ወደ ውሉ ወረቀት ወረደ። ሁላችንም ልዩነቱን አየን። ሌላ ቦታ የሰማሁት እርማት «ስሜት ጨምርበት» የሚል ብቻ ነበር፤ በዚህ ምን እንደሚታረም ለተማሪው አይገባውም።

ማስታወቂያ ላይ በትወና ማስተማሪያ ዘዴያቸው የሚታወቁት የስታኒስላቭስኪና የማይስነር ስም በብዛት ይጠራል። ስሙን ትታችሁ ልምምዱን ጠይቁ። የማይስነር መነሻ ልምምድ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው አንዱ በሌላው ላይ ያስተዋለውን እየተቀባበሉ የሚደጋግሙበት ነው። ተማሪው ሁልጊዜ ብቻውን ሞኖሎግ የሚያቀርብበት ክፍል ከሆነ ያ ዘዴ እዚያ እየተሠራበት አይደለም።

የገንዘብ ነገር አጭር ነው፦ «ከከፈልክ ፊልም ላይ አስገባሃለሁ» ከሚል ሰው ራቁ። የሥልጠና ክፍያ ለትምህርቱ ነው፤ ሚና የሚገኘው በኦዲሽን ነው። ያሠለጠናቸውን ተዋንያን ሥራ ማየት፣ ከተቻለም እነሱን ማነጋገር ደግሞ መብታችሁ ነው።

እኔ ያቺው አሰልጣኝ ጋ ተመዝግቤያለሁ። አሁን ሌላው ሲናገር በክሎዝ አፕ ማዳመጥን እየተለማመድን ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ በካሜራ የሚያሠራ አሰልጣኝ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ከዚያ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ።