ቮልሷና ጎረቤቷ

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ቮልስዋገን፣ ስክሪኗ የጠፋባት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አጠገብ ቆማ አየሁ።

መካኒኩ የቮልሷን የኋላ ክዳን ከፍቶ ካርቡሬተሯን ፈታ። ክፍሎቹን በቤንዚን አጠበ፤ ጠባቧን ቀዳዳ በአፉ እፍ ብሎ ወደ ብርሃን አነሣትና በአንድ ዓይኑ አጮልቆ አየባት። ገጥሞ ሲያስነሣት ያ የምናውቀው ድምጿ ግቢውን ሞላው።

«ይቺኛዋስ?» አልኩት።

«እሷን ኮምፒውተር የያዘ ሰው ይምጣላት እንጂ እኔ ምን አደርጋታለሁ፣ ወንድሜ!»

ቢትል የምትባለው ይቺ የቮልስዋገን ሞዴል ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። እንግዲህ ለቅርስነት ያበቃት ብርቅ መሆኗ አይደለም፤ ያገኛት ሁሉ ፈትቶ ሊገጥማት መቻሉ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በመከልከሉ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር እየበዛ ነው። ቆንጆዎች ናቸው፣ ድምፅም ጭስም የላቸውም፤ አልክድም። ግን ባትሪያቸው ሲደክም፣ ፋብሪካውም ሶፍትዌራቸውን ማደሱን ሲተው ማን ያቆያቸዋል?

ከአሁኖቹ ለልጅ ልጅ ትተርፋለች የምትሏት ካለች ንገሩኝ። የእኔ ዕጩ፣ ሳቁብኝ እንጂ፣ ቪትዝ ናት።