ምንም ያልደረሰበት ከሚመስል አለት ውስጥ የተራራን ግፊት ማንበብ

በስፔንና በፈረንሳይ መካከል የተዘረጋው የፒሬኒስ ተራራ የአይቤሪያ ምድር (ስፔንና ፖርቱጋል ያሉበት) ከአውሮፓ ጋር ተጋፍቶ ያነሳው ነው። ግፊቱ ከ80 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ቀጥሏል። ከፍ ባለው ሸንተረር ላይ አለቶቹ መታጠፋቸው ከሩቅ ይታያል። እኔ የሠራሁት ግን ፓምፕሎና ከተማ ዙሪያ ባለው ግራጫ ማርል ላይ ነው። ማርል ጭቃና ኖራ የተቀላቀለበት ለስላሳ አለት ነው። ይሄኛው 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የባሕር ደለል ነው። ብትሰብሩት ፍርክስክስ ይላል እንጂ በዓይን የሚታይ የግፊት ምልክት የለውም። ታዲያ ተራራው ሲነሳ ይህ ጭቃ ተገፍቷል ወይስ አልተገፋም?

ማንኛውም አለት ማግኔት ሲቀርብለት በትንሹም ቢሆን ምላሽ ይሰጣል። ምላሹ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በሸክላ ማዕድናት ውስጥ ጥቂት ብረት አለ። ማዕድናቱ ቅጠል ቅጠል ስለሆኑ ምላሹ በቅጠሉ ገጽ ላይ ይበረታል፣ ወደ ገጹ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ይደክማል። ስለዚህ ትልቁና ትንሹ ምላሽ ወዴት እንደሚያመለክቱ ከለካን ቅጠሎቹ እንዴት እንደተደረደሩ እናውቃለን። ይህን ዘዴ ለአለት ጥናት ያቀረበው አሜሪካዊው ጆን ግራሃም ነው፣ በ1954 እ.ኤ.አ.።

ደለሉ ሲረጋ ቅጠሎቹ ተኝተው ይደራረባሉ። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ። ከአንድ ጎን ብትገፉት ይሸበሸባል፣ የሽብሽቡም መስመር ከግፊቱ ጋር መስቀለኛ ይሆናል። በጭቃውም የሚሆነው ይኸው ነው። ሽብሽቡ በዓይን አይታይም፤ መሣሪያው ግን ያገኘዋል። ትልቁ ምላሽ በሽብሽቡ መስመር ላይ ይሰበሰባል።

ሥራው የሚጀምረው በአካፋ ነው። ላይ ላዩን ያለው ማርል አየርና ዝናብ የበላው ስለሆነ ሰማያዊ ግራጫ የሆነው ትኩሱ አለት እስኪመጣ መቆፈር ያስፈልጋል። ከዚያ በቤንዚን በሚሠራ መሰርሰሪያ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በትር ይወጣል። ማቀዝቀዣው ውሃ ነው፣ ማርል ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሳይጫኑ ቀስ ማለት ግድ ነው። በትሩ ከመውጣቱ በፊት አቅጣጫው በኮምፓስ ይነበባል፣ መስመሩ በነሐስ ሽቦ ይጫርበታል። መዶሻ፣ ቁልፍና ስልክ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ማርል ማግኔታዊ ምላሹ ደካማ ስለሆነ ኮምፓሱን አያሳስተውም። ከእሳተ ገሞራ በሚወጣውና ምላሹ ጠንካራ በሆነው ባዛልት ላይ ግን በፀሐይ ጥላ አቅጣጫ መያዝ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ የንብርብሩን ዝንባሌ መለካት ነው። ማርል አንድ ወጥ ይመስላል። በመካከሉ ጣት የማታክል የአሸዋ ንጣፍ እስካገኝ ድረስ ናሙና አልወስድም ነበር። ዝንባሌው ከተሳሳተ የኋላው ስሌት ሁሉ ዋጋ የለውም።

ላብራቶሪ ውስጥ በትሩ ወደ 2.2 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ካፓብሪጅ በሚባለው መሣሪያ ላይ ይሽከረከራል። ቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የትልቁን፣ የመካከለኛውንና የትንሹን ምላሽ አቅጣጫ ይሰጣል። በእኔ ናሙናዎች በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር፣ አቅጣጫዎቹ ግን ቁልጭ ብለው ተሰበሰቡ።

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት የሚያስፈልገው። መሣሪያው አቅጣጫ ይሰጣል እንጂ የየትኛው ማዕድን እንደሆነ አይናገርም። ማግኔታይት የሚባለው ምላሹ ኃይለኛ የሆነ የብረት ማዕድን ጥቂት እንኳ ቢኖር የሸክላውን ምላሽ ሊውጠው ይችላል። በጣም ደቃቅ የሆነው ማግኔታይት ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ያገላብጣል። ስለዚህ ናሙናውን በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዘቀዝኩት። ምላሹን የሚሰጠው ሸክላ ከሆነ በቅዝቃዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፣ ምላሹ ከሙቀቱ ጋር የሚለዋወጥበት ኩርባም እንደዚያው ወጣ። ሳሞቀው ሌላ ነገር ታየ። ከ400 ዲግሪ በኋላ ምላሹ አሻቀበ፣ 580 ላይ ደግሞ ዝቅ አለ። 580 የማግኔታይት ፊርማ ነው። ነገር ግን ሲቀዘቅዝ የመጣው ኩርባ ከመጀመሪያው በብዙ በለጠ። ማግኔታይቱ አለቱ ውስጥ የነበረ ሳይሆን በእኔው ምድጃ ከፓይራይት፣ ማለትም ብረትና ድኝ ካለበት ማዕድን፣ የተወለደ ነው።

ውጤቱ ደስ የሚል ነበር። ትንሹ ምላሽ ለንብርብሩ ቀጥ ያለ ነው። ትልቁ በንብርብሩ ላይ ተኝቶ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ገደማ ያመለክታል። ግፊቱ ከሰሜንና ከደቡብ ነው ማለት ነው። ግን መቼ? ንብርብሩ ከመታጠፉ በፊት ወይስ በኋላ? ብዙ ሰው ንብርብሩን በስሌት አስተኝቶ አቅጣጫዎቹ ይበልጥ ከተሰበሰቡ «በፊት ነው» ይላል። እኔ ይህ ለብቻው አያሳምነኝም። ትልቁ ምላሽ ከእጥፋቱ ዘንግ (ንብርብሩ ከታጠፈበት መስመር) ጋር ትይዩ ከሆነ በዚያው ዘንግ ላይ ብታዞሩት ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ትይዩነቱ ስለ ጊዜው ምንም አይነግረንም። እኔን ያሳመኑኝ ንብርብሩ ምንም ሳያዘነብል የተኛባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚያም ያው መስመር አለ። ጭቃው ገና ሳይታጠፍ በተኛበት ተገፍቷል።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው እምብርት ሲጠጉ ነገሩ ይለወጣል። አለቱ ሉህ ሉህ እየሆነ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ትንሹም ምላሽ ንብርብሩን ትቶ ለስንጥቁ ቀጥ ወደማለት ይሄዳል። በዚህ የተነሳ በትግራይ የሚገኘው የነጋሽ አካባቢ ሁሌም በሐሳቤ አለ። እዚያ ያለው ሉህ ሉህ አለት 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የታጠፈ የጥንት ተራራ ሥር ነው። ስንጥቁ ጠንካራ ስለሆነ የመጀመሪያው የተኛ ጭቃ ትዝታ ብዙም የሚተርፍ አይመስለኝም። እዚያ ብሠራ ከእጥፋቱ መሐል ሳይሆን ስንጥቁ ከላላበት ዳር ጀምሬ ወደ ውስጥ እገባለሁ፤ ትንሹ ምላሽ ከንብርብሩ ወደ ስንጥቁ የሚዞርበትን ቦታ ለማግኘት።