በካርቶን የታሸገው ቤት

ቨርጂኒያ ውስጥ የፍርድ ቤት ወረቀት ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «ሙት» (moot) የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል አንዲትን እናት ቤታቸውን አሳሽጋቸዋለች፤ ያሳሸግኳቸው እኔ ነኝ።

አከራያቸው ቤቴን ይልቀቁ ብሎ ከሷቸው ነበር። እሳቸው በጠበቃቸው በኩል ጊዜ ይራዘምልኝ ብለው አቤቱታ አስገቡ። መልሱ ሲመጣ ይዘውልኝ መጡ፤ «ሙት» የምትለው ቃል ያለባት አንድ መስመር ናት። «አቤቱታዎ አከራካሪ ስለሆነ ውድቅ ተደርጓል» አልኳቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ጠበቃቸው ደወለልኝ። ለካ አከራዩ ክሱን አንስቶ ኖሯል! ክሱ ከሌለ የጊዜ ጥያቄውም ይቀራል፤ ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ነበር።

እኔ የያዝኩት የእንግሊዞቹን ፍቺ ነው። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሸንጎ ማለት ነበር፤ የነገሥታቱ የጠቢባን ሸንጎ «ዊተናገሞት» ይባል ነበር። በሸንጎ ነገር ይነሳል ይጣላልና፣ ገና ያልተቋጨ ክርክርም «ሙት» ተባለ። የለንደን የሕግ ተማሪዎች ደግሞ በፈጠራ ክስ እየተሟገቱ ይለማመዱ ነበር፤ እኛ ምስለ ችሎት የምንለው ነው። በፈጠራ ክስ ቢፈረድ የሚጠቀምም የሚጎዳም የለም። አሜሪካኖቹ ይህችን ይዘው ቃሉን «ቢወሰንም ባይወሰንም ለውጥ የሌለው» አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1974 ማርኮ ዴፉኒስ የተባለ ተማሪ የሕግ ትምህርት ቤት አልቀበልም አለኝ ብሎ የጀመረው ክስ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተዘጋው በዚሁ ቃል ነው፤ በሥር ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ ሊመረቅ ተቃርቦ ነበርና።

ከእኛው «ሙት» ጋር የሚያዛምደው ነገር የለም፤ ድምፁ ነው የገጠመው። ሆኖም ለአሜሪካው ፍቺ «የሞተ ጉዳይ» ከማለት የሚቀርብ አላገኘሁም። አሁን ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ጠበቃው ጋ እደውላለሁ፤ ክሱ አለ ወይስ ተነስቷል ብዬ ሳልጠይቅ አንድ ፊደል አልጽፍም።

ጠበቃቸው በደወለልኝ ዕለት ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ካርቶኖቹ በሩ ሥር ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ሲኒ» ተብሎ ተጽፏል። ይቅርታ ጠይቄ ወረቀቱን እንደገና አነበብኩላቸው፦ «ክሱ ስለተነሳ በአቤቱታው ላይ መወሰን አላስፈለገም።»

«እና አልወጣም፣ ልጄ?»

«አይወጡም፣ እማማ።»

የሲኒውን ካርቶን ፕላስተር እኔ ላጥኩት።